ሞተሩ ይሞቃል? የድሮ ናፍጣ ፎር-ባይ-ፎር ችግርን ዕቃ ከመቀየር በፊት የማግኛ መመሪያ

ራዲያተሩ ተቀይሯል። የውሃ ፓምፑ አዲስ ነው። ቴርሞስታቱ (እንደ ሙቀቱ የውሃውን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው ዕቃ) ወጥቶ ተጥሏል። መኪናው ግን ዳገት ሲጀምር ጠቋሚው አሁንም ወደ ቀዩ ይሄዳል። ይህን ታሪክ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ አንድ ነው፦ ዕቃው የተቀየረው ሳይመረመር ነው።

መመሪያው እንደ ላንድክሩዘር 1ኤችዜድ፣ ፓትሮል ቲዲ42፣ ላንድሮቨር 300ቲዲአይ እና ሚትሱቢሺ 4ዲ56 ላሉ የድሮ ናፍጣ ሞተሮች ነው። ደረጃዎቹ ከቀላሉ ተነስተው ወደ ከባዱ ይሄዳሉ። አትዝለሏቸው። አንድ ደረጃ ላይ ጥፋት ብታገኙም አስተካክሉና ወደሚቀጥለው እለፉ። የድሮ መኪና ላይ ሁለት ትንንሽ ጥፋቶች አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦
- ሙቀትን ከርቀት የሚለካ የሌዘር ቴርሞሜትር
- የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር
- ወፍራም ጨርቅ ወይም ፎጣ
- ውሃ የሚፈላበት አሮጌ ድስትና የውሃ ቴርሞሜትር
- የተጣራ ውሃና ለሞተራችሁ የሚሆን ኩላንት
- ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ

ማስጠንቀቂያ፦ የጋለ ራዲያተር ክዳን አትክፈቱ። ውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ታፍኖ ስለሚቆይ ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖም ሳይፈላ ይቀመጣል። ክዳኑ በተከፈተ ቅጽበት ግን ፈልቶ ፊት ላይ ይወረወራል። ቢያንስ 45 ደቂቃ ጠብቁ። የላይኛውን ቱቦ ጨምቃችሁ ለስላሳ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ክዳኑን በፎጣ ሸፍናችሁ እስከ መጀመሪያው ማቆሚያ ብቻ አዙሩ። ትንፋሹ ሲያልቅ ክፈቱት።

ሌላም አለ። ሞተር ሲሠራ የተንጠለጠለ ልብስ፣ ሻርፕ ወይም ያልታሰረ ረጅም ጸጉር ይዛችሁ ወደ ፋኑ አትጠጉ። ኩላንት ጣፋጭ ጣዕም ያለው መርዝ ነው። የፈሰሰውን ወዲያው አጽዱ፤ ሕፃናትና እንስሳት እንዳይቀምሱት።

አሁን መንገድ ላይ ሞቆባችሁ ከሆነ

1. ኤሲውን አጥፉ። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ሂተር ትንሽ ራዲያተር ነው፤ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል።
2. ነዳጅ ቀንሱና ዳር ይዛችሁ ቁሙ።
3. እንፋሎት ከሌለ፣ ውሃ ካልፈሰሰ እና ቺንጋው ካልተበጠሰ ሞተሩን ቶሎ አታጥፉ። በደቂቃ 1200 ዙር አካባቢ ለ2 ወይም 3 ደቂቃ ይሥራ። ድንገት ካጠፋችሁት ውሃው መዞሩን ያቆምና ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አካባቢ ያለው ሙቀት ይብሳል።
4. እንፋሎት ካለ፣ ውሃ ከፈሰሰ ወይም ጠቋሚው መውጣቱን ካላቆመ ወዲያው አጥፉ።
5. በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትጨምሩ። ብረቱ ድንገት ሲኮማተር ቴስታታው ይሰነጠቃል። ሲበርድ ሙሉ።

አንድ ምልክት ልብ በሉ። ሲወጣ የነበረው ጠቋሚ ድንገት ወደ ቀዝቃዛ ከወረደና ሂተሩም ቀዝቃዛ አየር ከነፋ፣ ተረፍን አትበሉ። ውሃው አልቋል ማለት ነው። ሰንሰሩ ውሃ ውስጥ ስላልሆነ የሚለካው ነገር የለውም። በዚያው ሰከንድ ሞተሩን አጥፉ።

ደረጃ 1፦ መቼ እንደሚሞቅ ጻፉ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምተማመንበት ነው። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ስትነዱ ጻፉ፦ ፍጥነት፣ ዳገት ወይም ሜዳ፣ ማርሽ፣ ኤሲ፣ ጭነት፣ ጠቋሚው የት እንደደረሰ።

ቆማችሁ ወይም በዝግታ ስትሄዱ ሞቆ ፍጥነት ስትጨምሩ ከበረደ፣ ችግሩ የአየር ነው። ፋኑን፣ የፋን ክላቹን እና የፋን ሽፋኑን ጠርጥሩ።

በተቃራኒው ከተማ ውስጥ ደህና ሆኖ ረጅም መንገድ ወይም ዳገት ላይ ብቻ ከሞቀ፣ ችግሩ የውሃ ዝውውር ነው። የተደፈነ ራዲያተር፣ በደንብ የማይከፈት ቴርሞስታት፣ የሚጨማደድ የታችኛው ቱቦ ወይም የተበላ ፓምፕ ሊሆን ይችላል።

ከተነሳ በ5 ደቂቃ ውስጥ ከጋለ ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል፣ አለዚያ ውስጡ አየር አለ። ውሃ በየቀኑ እየጎደለ የሚፈስበት ካልታየ ደግሞ ደረጃ 8ን በጥሞና አንብቡ።

ደረጃ 2፦ ጌጁ እውነት ይናገራል?

በብዙ መኪኖች ጌጁ መሃል ላይ ሆን ተብሎ ደንዛዛ ተደርጓል። ሙቀቱ ብዙ ዲግሪ ሲወጣ ጠቋሚው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ መነሳት በጀመረ ጊዜ ጉዳዩ ቀድሞ ሄዷል።

ሞተሩን አሙቁ። የሌዘር ቴርሞሜትሩን ቴርሞስታት ቤቱ ላይ አነጣጥሩ። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ አትለኩ፤ ዝቅ አድርጎ ያሳያችኋል። ጥቁር ቀለም ያለው ቦታ ወይም የላይኛው ጎማ ቱቦ ይሻላል። ጤነኛ ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ82 እስከ 95 ዲግሪ ይሆናል።

ጌጁ ቀይ ላይ ሆኖ ቴርሞሜትሩ 88 ካለ ሞተራችሁ አልሞቀም። የሰንሰሩን ሽቦና የሞተሩን ኔጋቲቭ ኬብል ፈትሹ። መብራት ስታበሩ ጠቋሚው ከዘለለ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የኔጋቲቭ ግንኙነት ነው።

ደረጃ 3፦ በቀዝቃዛ ሞተር የሚደረግ ፍተሻ

ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሳ ሥሩ።

1. ውሃውን እዩ። ክዳኑን ከፍታችሁ እስከ አፍ መሙላቱን አረጋግጡ። ፕላስቲኩ ማጠራቀሚያ ሙሉ መሆኑ ብቻ ማረጋገጫ አይሆንም። ማጠራቀሚያው ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለ ክዳኑ ውሃውን አይመልስም።

2. ክዳኑን መርምሩ። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ከደረቀ ቀይሩት። ላዩ ላይ የተጻፈው ግፊት፣ ለምሳሌ 0.9 ባር፣ ለመኪናችሁ የታዘዘው መሆን አለበት። በባሕር ወለል ላይ ይህ ግፊት የውሃውን መፍያ ወደ 118 ዲግሪ ይወስደዋል። በ2400 ሜትር ከፍታ ላይ ግን ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ተራራ ላይ የደከመ ክዳን ያለው መኪና ቀድሞ የሚፈላው ለዚህ ነው። ቢሆንም ከታዘዘው በላይ ግፊት ያለው ክዳን አትግጠሙ። አሮጌ ራዲያተርና የሂተር ቱቦ አይችሉትም።

3. ቱቦዎቹን ጨምቁ። እንደ ሊጥ የላላ፣ የተነፋ ወይም ሲጨመቅ የሚንኮሻኮሽ ቱቦ ይቀየር። ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) አጥብቁ። ነጭ ወይም አረንጓዴ የደረቀ ጨው የተጋገረበት ቦታ ሁሉ ውሃ የሚያፈስ ነው።

4. ቺንጋውን ተጫኑ። በሁለቱ ፑሊዎች መሃል በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢገባ ጥሩ ነው። ጎኑ እንደ መስታወት ካብረቀረቀ ይንሸራተታል። ሁለት ቺንጋ ካለው ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ።

ደረጃ 4፦ የአየሩን መንገድ ክፈቱ

ከመንገድ ውጪ የሚሄድ መኪና ላይ ሌላ ነገር ከመጠርጠራችሁ በፊት እዚህ ጊዜ ውሰዱ።

የራዲያተሩ መካከል። በእጅ ባትሪ ከፊት ብቻ አትመልከቱ። ቆሻሻው የሚደበቀው በኤሲ ኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት በተገጠመው የኤሲ ማቀዝቀዣ) እና በራዲያተሩ መሃል ነው። አንድ ጊዜ የራሴ መኪና ዳገት አልወጣ አለኝ። ከፊት ሲታይ ሁሉም ንጹህ ነበር። ራዲያተሩ ወጥቶ ውስጡ ታጠበ፤ ለውጥ የለም። በኋላ ኮንደንሰሩን ከቡሎኑ ፈትቼ ሁለት ጣት ያህል ወደፊት ሳዘነብለው፣ የሣር ዘርና ጭቃ ተጋግሮ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ አገኘሁት። በእጄ ስይዘው ሙሉውን ተላቀቀ። በዚያው ቀን መኪናው ያንኑ ዳገት ጠቋሚው ሳይነቃነቅ ወጣ።

አጠባው እንዲህ ነው። ሞተሩ ይብረድ። ውሃውን ከሞተር በኩል ወደ ፊት፣ ማለትም ቆሻሻው በገባበት ተቃራኒ አቅጣጫ ልቀቁ። የተራ ቧንቧ ግፊት ይበቃል። የመኪና ማጠቢያውን ኃይለኛ ውሃ ከቅርብ ከተጠቀማችሁ ቀጫጭን ክንፎቹን አጥፎ አየሩን ጭራሹን ይዘጋዋል። ጭቃው ከደረቀ በሳሙና ውሃ ለግማሽ ሰዓት አርሱትና ድገሙት። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ አታቁሙ።

የፋን ሽፋን። በፋኑ ዙሪያ ያለው ፕላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ጌጥ አይደለም። እሱ ከሌለ ፋኑ የሚስበው አየር ከጎን ከጎን እንጂ በራዲያተሩ ውስጥ አልፎ አይመጣም። ተሰብሮ ከተጣለ መልሱት። ከፊት ለፊት የተገጠመ ትልቅ መብራት፣ ዊንች ወይም የቁጥር ሰሌዳም አየር እንዳይከልል እዩ።

የፋን ክላች። ፋኑ በቺንጋ የሚዞር ከሆነ መሃሉ ላይ በወፍራም የሲሊኮን ዘይት የሚሠራ ክላች አለ። ሲሞቅ ፋኑን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲበርድ ይለቀዋል። እንዲህ ሞክሩት፦

1. ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቀዝቃዛ ሳለ ፋኑን በእጅ አዙሩ። ትንሽ እየተቃወመ መዞር አለበት። እንደ አሻንጉሊት በነጻ ከተሽከረከረ ዘይቱ አልቋል።
2. ጫፉን ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁ። መወዛወዝ ካለ ኩሽኔታው ሄዷል።
3. የክላቹን ዙሪያ እዩ። አቧራ የያዘ ዘይት ተረጭቶ ከታየ ማኅተሙ ያፈሳል።
4. ሞተሩን በደንብ አሙቁ፣ አጥፉ፣ ፋኑ መቆሙን አረጋግጡ። ከዚያ በጓንት ገፋ አድርጉት። ጤነኛ ከሆነ አንድ ዙር ሳይሞላ ይቆማል።

ጠዋት ሲነሳ ለአንድ ደቂቃ ያህል በኃይል ጮሆ ጸጥ ቢል አትደንግጡ። ዘይቱ ሌሊቱን ተቀምጦ ስለሚያድር ነው። ሞተሩ ሲግል ግን ያ ጩኸት ጨርሶ ካልተሰማ ክላቹ አይይዝም። በአንዳንድ ሞዴሎች፣ በተለይ በቶዮታ፣ ክላቹ ተፈትቶ የሲሊኮን ዘይት ይሞላል። ተራ የሞተር ዘይት አትሙሉበት፤ አይሠራም።

ደረጃ 5፦ ቴርሞስታቱን በድስት ፈትኑ

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መፍትሔ ነው የሚል ምክር ትሰማላችሁ። እባካችሁ አታድርጉት። የብዙ ናፍጣ ሞተር ቴርሞስታት ከግርጌው ሁለተኛ ክብ ሳህን አለው። ሞተሩ ሲሞቅ ያ ሳህን ወርዶ የአቋራጩን ቀዳዳ ይዘጋል፤ ውሃው ሁሉ በራዲያተሩ በኩል እንዲያልፍ ያስገድዳል። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል። ከውሃው ብዙው ሳይቀዘቅዝ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ማለትም እንዲበርድ ብላችሁ ያወጣችሁት ነገር ዳገት ላይ ያስሞቃችኋል። ሜዳ ላይ ደግሞ ሞተሩ በቂ ሙቀት ስለማያገኝ ናፍጣ ይበላል፣ ይቆሽሻል።

ፍተሻው፦

1. ሞተሩ ሲበርድ ውሃውን በከፊል አፍስሱና ቴርሞስታቱን አውጡ።
2. ላዩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንብቡ። 76፣ 82 ወይም 88 ሊሆን ይችላል። መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው።
3. በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውሃ ውስጥ ክተቱት። የድስቱን ታች አይንካ።
4. ውሃውን ቀስ አድርጋችሁ እያማሰላችሁ አሙቁ። ቴርሞሜትሩን ተከታተሉ።
5. በተጻፈው ቁጥር አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ በኋላ ወደ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር መከፈት አለበት።
6. አውጡትና ሲበርድ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን እዩ።

ከፍ ባለ ቦታ የምትኖሩ ከሆነ ውሃው 95 ሳይደርስ ሊፈላ ይችላል። ያኔ ትንሽ ኩላንት ቀላቅሉበት፤ መፍያው ከፍ ይላል። ድስቱን ግን ከዚያ በኋላ ለምግብ አትጠቀሙበት።

ስትመልሱት ትንሿ የአየር ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን፣ ስፕሪንጉም ወደ ሞተሩ። ተገልብጦ የተገጠመ ቴርሞስታት በወቅቱ አይከፈትም። አዲስ የገዛችሁትንም ከመግጠማችሁ በፊት በዚሁ ድስት ፈትኑት። አዲስ ሆኖ የማይከፈት ገጥሞኛል።

ደረጃ 6፦ ራዲያተሩን ከውስጥ

ሞተሩን አሙቁ። ፋኑን እየተጠነቀቃችሁ በሌዘር ቴርሞሜትሩ የራዲያተሩን ፊት ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ለኩ። ሙቀቱ ከመግቢያው ወደ መውጫው ቀስ እያለ መቀነስ አለበት። መሃል ላይ ድንገት ቀዝቃዛ የሆነ ሰፊ ቦታ ካገኛችሁ እዚያ ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች በዝገትና በኖራ ተደፍነዋል።

ለመዳብ ራዲያተር ላዩ ተከፍቶ በዘንግ መጠረግ ይቻላል። ፕላስቲክ ጭንቅላት ያለው ከሆነ መቀየር ይሻላል። ፍሳሽ መድፈኛ ዱቄት ወይም ፈሳሽ የተጨመረበት መኪና ከሆነ ግማሹ ጥፋት እሱ ነው፤ ቀዳዳውን ሲደፍን ቱቦዎቹንም ይደፍናል።

አሁን የታችኛውን ቱቦ እዩ። ሞተሩ ሙቅ ሳለ አንድ ሰው ወደ 3000 ዙር ያንሳው። ቱቦው ከመሃሉ ገብቶ ጎንና ጎኑ ከተጣበቀ፣ ፓምፑ ውሃ ሳይሆን ቱቦውን ነው የሚስበው። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሆን ተመልሶ ይነፋል፤ ስለዚህ ቆሞ የሚያይ ሰው አይደርስበትም። ምክንያቱ የደከመ ጎማ፣ በውስጡ የነበረው የሽቦ ስፕሪንግ መጥፋት ወይም የተደፈነ ራዲያተር ነው።

ደረጃ 7፦ የውሃ ፓምፕ

ፑሊውን ይዛችሁ ነቅንቁ፤ መላላት የለበትም። ከፓምፑ በታች ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ እዩ። ከእሷ ውሃ ከወረደ ማኅተሙ አልቋል። ቀዳዳዋን በሙጫ አትድፈኗት፤ ውሃው ወደ ኩሽኔታው ይገባል። ለዓመታት ባዶ ውሃ የተሞላበት ሞተር ከሆነ የፓምፑ ክንፍ በዝገት ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ፓምፑ ሳይወጣ አይታይም።

ደረጃ 8፦ ቴስታታና ጓርኒሲዮን

እስካሁን ምንም ካልተገኘ ወይም ውሃው የት እንደሚገባ ካልታወቀ እዚህ ደርሳችኋል። 4ዲ56 እና የቶዮታው 1ኬዚ-ቲኢ ሞተር ቴስታታቸው በመሰንጠቅ የታወቁ ናቸው፤ የእነዚህ ባለቤቶች በተለይ ተጠንቀቁ።

1. የቀዝቃዛ ሞተር ፍተሻ። ማታ ያደረውን ሞተር አስነሱ። በ1 ወይም 2 ደቂቃ ውስጥ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረ የቃጠሎ ግፊት ወደ ውሃው እየገባ ነው።

2. የአረፋ ፍተሻ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የፓምፑን ቺንጋ አውልቁ። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሙሉና ክዳኑን ክፍት ተዉት። አስነሱና ለአጭር ጊዜ ነዳጅ ስጡ። ፓምፑ ስለማይሠራ ውሃው መርጋት አለበት። ሳይቋረጥ አረፋ ከወጣ ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ከ1 ደቂቃ በላይ እንዳታሠሩት።

3. ዘይቱንና ጭሱን እዩ። የዘይት መለኪያው ላይ ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ ውሃ ገብቷል። ሞተሩን ከእንግዲህ አታስነሱት፤ ውሃ የገባበት ዘይት ኩሽኔታውን ይበላል። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ጭስም ያው ነው። ራዲያተሩ ውስጥ ዘይት ካያችሁ ግን ወዲያው ቴስታታ አትፍቱ። የዘይት ማቀዝቀዣው ሲቀደድም እንዲሁ ይሆናል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ከሆነ ደግሞ የካምቢዮ ዘይት ራዲያተሩ ውስጥ ሊቀላቀል ይችላል።

የቃጠሎ ጭስ ወደ ውሃው መግባቱን በቀለም ለውጥ የሚያሳየው ሰማያዊ የፍተሻ ፈሳሽ ናፍጣ ሞተር ላይ ሊያታልል ይችላል። ናፍጣ በሚኒሞ ሲሠራ ብዙ አየር ስለሚያስገባ ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትንሽ ነው። ፈሳሹ ሳይለወጥ ቢቀር ነጻ ነኝ አትበሉ፤ ዙሩን ከፍ አድርጋችሁ ድገሙት።

4. የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) ልኬት። በማሞቂያ ካንዴላው ወይም በኢንጀክተሩ ቀዳዳ ይለካል። የቤንዚን ሞተር መለኪያ አትጠቀሙ፤ አይችለውም። ናፍጣ ብዙውን ጊዜ ከ20 ባር በላይ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ልዩነቱን ተመልከቱ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች ከሌሎቹ በብዙ ካነሱ በመሃላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ሄዷል።

ቴስታታው ከወረደ ዝም ብላችሁ አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጋችሁ አትዝጉ። ቀጥታነቱ ይለካ፣ ስንጥቅ በግፊት ይፈተሽ። ይህ ካልተደረገ ያንኑ ሥራ በአጭር ጊዜ ትደግሙታላችሁ።

ደረጃ 9፦ ሙቀቱን የሚያበዙ ሌሎች ነገሮች

ማቀዝቀዣው ጤነኛ ሆኖ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሙቀት እያመነጨ ሊሆን ይችላል። ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ካለ ናፍጣ በዝቷል፤ የናፍጣ ፓምፑንና ኢንጀክተሮቹን አስፈትሹ። የአየር ማጣሪያውንም እዩ። ጎማውን ከነዳችሁ በኋላ ንኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ የበለጠ ከጋለ ፍሬኑ ይዟል።

አነዳድም አለበት። በከፍተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር ዳገት መጎተት ፋኑንም ፓምፑንም ያዘገያል። አንድ ማርሽ ቀንሱ። አሸዋ ወይም ገደላማ ዳገት ላይ ፎር ሎው ተጠቀሙ።

ደረጃ 10፦ መልሶ መሙላትና አየር ማስወጣት

ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነው። ውስጥ የቀረ አየር ጥገናው እንዳልሠራ ያስመስላል።

1. መኪናውን አፍንጫው ወደ ላይ በሆነ ተዳፋት ላይ አቁሙና ፍሬን አስይዙ።
2. ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈቱ።
3. ግማሽ ኩላንት፣ ግማሽ የተጣራ ውሃ ቀላቅሉ። ንጹህ ኩላንት ብቻውን ከውሃ ያነሰ ሙቀት ነው የሚሸከመው። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አትቀላቅሉ፤ ሊረጋ ይችላል።
4. በጣም ቀስ አድርጋችሁ ሙሉ። የአየር ማስወጫ ቡሎን ካለው ክፈቱት። 300ቲዲአይ ቴርሞስታት ቤቱ ላይና ራዲያተሩ ላይ አለው።
5. ክዳኑ ክፍት ሆኖ በሚኒሞ አሠሩት። የላይኛውን ቱቦ ጨመቅ ለቀቅ አድርጉ። አረፋው ሲቆምና ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ውሃው ሲወርድ ሙሉና ክዳኑን ዝጉ።
6. ሂተሩ ሙቅ አየር ካልሰጠ አሁንም አየር አለ። ይብረድና ከዚህ ዝርዝር ቁጥር 4 ጀምሩ።

ከዚያ ደረጃ 1 ላይ የጻፋችሁትን ዳገት በዚያው ማርሽ፣ በዚያው ፍጥነት ውጡ። አናቱ ላይ ቁሙና በሌዘር ቴርሞሜትሩ ለክታችሁ ቁጥሩን ከበፊቱ ጎን ጻፉ። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ውሃ እዩ። ትንሽ ቢጎድል የቀረ አየር ወጥቶ ነው፤ ሙሉት። በሦስተኛው ቀንም ከጎደለ ወደ ደረጃ 8 ተመለሱ።